ቦታ ይዤልሻለሁ

«ሽቶ ተቀብተዋል» አለች ጉምሩክ የሚሏት ጎረቤት፣ የግቢውን በር በግማሽ ይዛ።

«እኔ?» አሉ አዛውንቱ። «ለቅሶ ልደርስ መጥቼ ሽቶ?»

«እንግዲያው የሳሙናዎ ይሆናል። አይቀየሙኝ፣ እዚያ አጥሩ ጥግ ካሉት ወንበሮች ላይ ይቀመጡ። ከዚያ ሆነው እግዜር ያጥናሽ ቢሏትም ይሰማታል።»

አዛውንቱ የኮታቸውን እጅጌ አሸተቱ፤ ምንም ስላልሸተታቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ወደ ጥጉ ሄዱ። ቀድመዋቸው የመጡት የአውቶቡስ ዲፖ ሰዎች ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁላቸው። ሲጋራ የሚያጨሰውም፣ ፀጉሩን ቅባት የተቀባውም፣ ልብሱን በመዓዛ ሳሙና ያጠበውም እዚያው ታጭቋል። በረንዳው አጠገብ የተደረደሩት ወንበሮች ግን ባዶ ነበሩ። ዓለም ምን ያህል እንደሚሸት ለማወቅ እዚህ ቤት ለቅሶ መድረስ ነው።

ፀጉር ሠሪዋ በረንዳው ላይ ማስኳን አድርጋ ተቀምጣለች። የሞተው የአውቶቡስ ሹፌሩ ባሏ ነው። ጎረቤቷን ጉምሩክ ብሎ የሰየማትም እሱ ነበር፤ ወደዚህ ቤት የሚገባን ሰው ሁሉ ሳትፈትሽ ስለማታሳልፍ። አሁን የገዛ ለቀስተኞቹን ስትፈትሽ ቢያያት ኖሮ በሳቅ ይሞት ነበር። «ይሞት ነበር» የሚለው እንደ ቀልድ መጣና እንደ ቀልድ ሳይሆን ቀረ። ፀጉር ሠሪዋ ዓይኗን ወደ ጉልበቷ መለሰች።

ማስኩ አንድ ጥቅም ነበረው፤ ማልቀስ አለማልቀሷን ማንም አያውቅም። ይህ ግን ለባሏ ታላቅ እህት አልተዋጠላቸውም። እትዬ ከሩቅ ከተማ ለቀብሩ የደረሱ ናቸው። ቤት ለመግባት ራሳቸውን ደጋግመው መታጠብ፣ የራሳቸውን ልብስ ውጭ ትተው የፀጉር ሠሪዋን ቀሚስ መልበስ ግድ ሆኖባቸዋል። ቀሚሱ ጉልበታቸው ላይ ስለሚቀር ሲቀመጡም ሲነሡም ወደ ታች ይጎትቱታል። በጎተቱት ቁጥር የበለጠ የተቆጡ ይመስላሉ።

የቡና ስኒያቸውን እንደያዙ አጠገባቸው ወደተቀመጠችው ዘመድ ጎንበስ ብለው አንሾካሾኩ። የእትዬ ሹክሹክታ አጥሩ ጥግ ድረስ ይሰማል።

«ወንድሜ ዕድሜውን በሙሉ ሠርቶ በሠራው ቤት፣ ማታ ማታ እንደ ዘበኛ ውጭ። በመጨረሻም ውጭ ሞተ። ምን እላለሁ እንግዲህ።»

ዘመድየዋ ስኒዋን ትክ ብላ አየች። ፀጉር ሠሪዋ ሰምታለች። ያልተቆጣችው ትዕግሥተኛ ስለሆነች አይደለም፤ እሷም ከቀብሩ ጀምሮ ለራሷ የምትለው ይህንኑ ስለነበረ ነው። ውጭ ያኖርኩት እኔ ነኝ፤ ውጭ የሞተውም በእኔ ነው። እትዬ የተናገሩት የሷን ቃል ነው፤ ጮክ ማለታቸው ብቻ ይለያል።

በዚህ መሃል አንድ ወጣት የዲፖ ሠራተኛ መቀመጫ አጥቶ ዞር ዞር ሲል፣ ከኩሽናው መስኮት ሥር ያለው አሮጌ የአውቶቡስ ወንበር ታየውና ሊቀመጥበት ሄደ።

«እዚያ አይደለም!» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

ከጠዋት ጀምሮ የተናገረችው ረጅሙ ነገር ይህ ነበር። ወጣቱ እንደተተኮሰበት ሰው ቀጥ አለ። ጉምሩክ መጥታ በክንዱ ይዛ ወሰደችው።

*

ወንበሩ የሁለት ሰው ነው። ሹፌሩ ያመጣው ዕድሜውን ሙሉ የነዳው አውቶቡስ ፈርሶ ሊሸጥ ሲል ነው። ከዚያው አውቶቡስ አንዲት ትንሽ ቆርቆሮም ፈትቶ አምጥቶ መስኮቱ ጎን ቸነከራት። «ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው» ትላለች።

የተዋወቁትም በቆርቆሮዋ ነበር። ያኔ እሷ በከተማው የታወቀች ፀጉር ሠሪ ሆና፣ ሠርግ ያለባት ሁሉ ወረፋ የምትይዝላት ሆና፣ አንድ ቀን መንገድ ጠፍቶባት የአውቶቡሱን ሹፌር «ይቅርታ፣ ገበያው የት ጋ ነው?» አለችው። ሳይዞር በጣቱ ቆርቆሮዋን አሳያት። ተናደደች። እስከ መጨረሻው ፌርማታ ስትናደድ ቆይታ፣ ሰው ሁሉ ወርዶ ሞተሩ ሲጠፋ ዞረና፣ «አሁን ተፈቅዷል። ገበያውን አልፈነዋል። ልመልስሽ?» አላት። ትዳሩ ከዚያ ነው የተጀመረው።

አለርጂው የመጣው በኋላ ነው፤ ከሳሎኑ። ለዓመታት ማለስለሻውን በእጇ፣ ስፕሬዩን በሳንባዋ ስትቀበል ኖራ አንድ ቀን ደንበኛ ፀጉር ላይ ቀለም እያደረገች ጉሮሮዋ ተዘጋ። ከዚያ ሰውነቷ ሒሳቡን ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠየቃት። ሽቶ፣ ቀለም፣ የመሬት መወልወያ፣ አዲስ ጋዜጣ ሁሉ። መጀመሪያ ጆሮዋ ውስጥ ያሳክካታል፣ ቀጥሎ ምላሷ ይከብዳል፣ ከዚያ አየሩ በር ላይ ደርሶ አልገባም ይላል። አንዱ ሐኪም ጭንቀት ነው አላት፤ ሌላው ቢያንስ ስሙን ነገራት። ሳሎኑን ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቶቿን ግቢው ውስጥ በውሃና በመቀስ ብቻ ታስተካክላለች፤ ያውም ጉምሩክ ያሳለፈችውን።

ከሁሉም የባሰባት ግን የሲጋራ ጭስ ነበር። ሹፌሩ ደግሞ ያጨሳል። እንደ ዋዛ ሳይሆን እንደ ሙያ ነበር የሚያጨሰው።

ስለዚህ ሕግ አወጡ። ከሥራ ሲመጣ ዩኒፎርሙን ግቢ ውስጥ ባልዲ ውስጥ ይነክራል፣ ቧንቧው ሥር ሽታ በሌለው ሳሙና ይታጠባል፣ ቤት ገብቶ ይበላል። ሲጋራው ሲያምረው ዕቃ ቤቱ ውስጥ ሚስማር ላይ የተሰቀለውን ወፍራም ካፖርት ለብሶ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ካፖርቱ ቤት ገብቶ አያውቅም፤ እሷም ዕቃ ቤት አትገባም። የመስኮቱ ክፍተት ሁሉ በፕላስተር ተለጥፏል። እሷ ከውስጥ ወጥ ቤቷ ውስጥ በርጩማዋ ላይ፣ እሱ ከውጭ። በመሃል መስታወት።

ከዚያ ስልኳ ይጠራል።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?» ትላለች፣ እያየችው።

«ሹፌሩ ነኝ።»

«ማነጋገር ክልክል ነው እኮ።»

«ቀኑን ሙሉ ክልክል ነው። አሁን ቆሟል።»

ክንድ በማትሞላ ርቀት ላይ በስልክ ያወራሉ። ጎረቤት መጀመሪያ የተኳረፉ መስሎት ሽማግሌ ሊልክ ነበር። ቤት ውስጥ ሲሆኑ የሚያወሩት ስለሚያፈሰው ጣሪያና ስላለቀው ዘይት ነው፤ መስታወቱ ላይ ሲሆኑ ግን ሳቅ ነበር። ተሳፋሪ ያመጣውን ጉድ ሁሉ እያስመሰለ ያወራላታል፣ እሷ ሆዷን ይዛ ትስቃለች፣ ትንፋሿ መስታወቱን ጉም ያለብሰዋል፣ በእጅጌዋ ትጠርገዋለች። እሱ ሁልጊዜ የሚቀመጠው በቀኝ በኩል ነው። ግራውን መታ መታ አድርጎ፦

«ቦታ ይዤልሻለሁ» ይላታል።

«ስትተው እመጣለሁ» ትለዋለች።

ደግሞ ተውኩ ብሎ ያውቃል። አንዴ አይደለም። መጀመሪያ ዲፖውን ሁሉ አስጨብጭቦ ተወ፤ ሳይቆይ ጀመረ። ቀጥሎ ሲጋራውን ረግጦ መሐላ ገብቶ ተወ፤ ጀመረ። በመጨረሻው ጊዜ ግን መጀመሩን ደበቃት። አንድ ማታ ካፖርቱንም ሳይለብስ፣ ሳይታጠብም መጣና አቀፋት፤ እሷም አምና አንገቱ ሥር ገባች። ተርሚናል ላይ አንዲት ብቻ አጭሶ ነበር። ነቅታ ራሷን ያገኘችው ሆስፒታል፣ አፏ ላይ ኦክስጅን ተደርጎላት ነው። ሹፌሩ አልጋዋ ሥር መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አነባ።

«ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም» አላት። «ከዛሬ በኋላ ተውኩ የሚለውን ቃል ከአፌ አትሰሚውም።»

እውነትም ሁለተኛ አልሰማችውም። ወደ ካፖርቱና ወደ መስታወቱ ተመለሱ።

ዘንድሮ ግን ደኅና ነበረች። ደረቷ ለቀቃት፣ ሌሊት ማሳሉ ቀረ፤ አዲሱን መድኃኒት የሰጣትን ሐኪም ለሰው ሁሉ ታወድስ ነበር። ለባሏም በስልክ ነግራው ነበር፤ «መድኃኒቱ ሠራ መሰለኝ።»

«ይሠራል እንጂ» አላት ከመስታወቱ ማዶ፣ ሲጋራውን እንደ ልማዱ በመዳፉ ጋርዶ እንደያዘ። «ጥሩ መድኃኒት መሆን አለበት።» እሱም ዘንድሮ ወፍሮ ነበር። የካፖርቱ ቁልፍ ሆዱ ላይ አልገጥም ብሎት ሲታገል አይታ ስቃበታለች።

የመጨረሻውም ቀን እንደዚያው ነበር። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል። ፍየል ይዤ ካልተሳፈርኩ ስላሉ አንዲት ሴትዮ እያወራላት መሃል ላይ ዝም አለ። ለማሳቅ ዝም የሚልበት ጊዜ ስላለ ጠበቀችው። «ሃሎ?» አለች። ራሱ ወደ ባዶው ወንበር በኩል ዘንበል ብሏል።

ሮጣ በሩ ላይ ደረሰች። በሩ ላይ ግን ቆመች። ጭሱ። ተመልሳ ማስኳን ፈለገች፤ መሳቢያው ውስጥ የለም፣ መደርደሪያው ላይ የለም፣ ልብስ ሥር አገኘችው። ስትወጣ አልቋል።

ይህን ለማንም አልተናገረችም። በረንዳው ላይ በተቀመጠች ቁጥር የምታየው መሳቢያውን ነው።

*

ከሰዓት በኋላ እትዬ አጠገቧ መጥተው ቆሙ። ቀሚሱን ወደ ታች ጎተቱት።

«ነገ ልሄድ ነው» አሉ።

«ትንሽ ቢሰነብቱ?»

«ሥራ አለብኝ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ሌላ ነገሩን አልፈልግም። ካፖርቱን ስጪኝ።»

ፀጉር ሠሪዋ ወደ ዕቃ ቤቱ ዞራ አየች።

«ሌሊት ቁም ሳጥኑን ከፍቼ ሸሚዞቹን አሸተትኩ» አሉ እትዬ፤ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የእውነት ሹክሹክታ ሆነ። «ውሃ ውሃ ነው የሚሉት። አንድ ቤት ሙሉ ልብስ ጥሎ ሄዶ ጠረኑ የለበትም። ያለው ካፖርቱ ላይ ነው። አንቺ እንደሆነ አትነኪው።»

እውነት ነው። እሷም ሌሊት ትራሱን አሽትታ የቧንቧ ውሃ ነው የሸተታት። ባሏ በዓለም ላይ ጠረኑን የተወው እሷን የሚገድል ነገር ላይ ብቻ ነው። ይህን ስታስበው ልትጮኽ ቃጣት።

«ይውሰዱት፣ እትዬ» አለች። «እኔ ልነካው አልችልም።»

«አውቃለሁ» አሉ እትዬ፤ የድል ሳይሆን የድካም አነጋገር ነበር።

ጉምሩክ ቡና አምጥታ ሰጠቻት። ለመጠጣት ማስኳን ወደ አገጯ ዝቅ እንዳደረገች ሰማዩ ያለ ማስጠንቀቂያ ተቀደደ። አጥሩ ጥግ የተቀመጡት ወንበራቸውን ራሳቸው ላይ ገልብጠው ተነሡ። በረንዳው ቅርብ ነበር፤ ግን ሁሉም ነገሩን ስለሚያውቁ አንድም ሰው ወደዚያ አልሮጠም። እየተጋፉ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ገቡ። ያን ያህል ሰው በዚያች ክፍል እንዴት እንደቆመ እነሱ ናቸው የሚያውቁት።

እትዬ ይህን ሲያዩ ደነገጡ። «ካፖርቱን! ሊረጋግጡት ነው!» ብለው በዝናቡ ውስጥ ሮጡ፣ በሰው መሃል ገብተው ካፖርቱን ከሚስማሩ አወረዱ፣ እንዳይርስባቸው ደረታቸው ላይ አቅፈው እየሮጡ ተመለሱ። የሚመለሱበትን ቦታ አላሰቡም። ቀጥ ብለው በረንዳው ላይ ወጡ፤ ፀጉር ሠሪዋ ፊት ደርሰው ነው የቆሙት።

ጉምሩክ ጮኸች። እትዬ ያደረጉትን ያኔ አወቁ። ወደ ዝናቡ ይመለሱ ወይስ ካፖርቱን ይጣሉት ጠፍቷቸው አቅፈውት ቆሙ።

ፀጉር ሠሪዋ ማስኳን ወደ አፍንጫዋ ለመመለስ እጇን አነሣች፤ ዘግይታለች፣ አየሩን አንድ ጊዜ ስባዋለች። ስለዚህ የሚመጣውን ጠበቀች። መጀመሪያ ጆሮ ነው። ጆሮዋ አላሳከካትም። ምላሷ ቀላል ነው። አየሩ በሩ ላይ ደረሰና ምንም ሳይል ገባ።

አንድ ጊዜ ደግሞ ሳበች፤ ይኼኛውን አውቃ።

«ማስኩን! ማስኩን አድርጊ እንጂ» አለች ጉምሩክ።

«ቆዪ» አለች። «እትዬ፣ ያምጡት እስቲ።»

«ኧረ አንቺ ሴት፣ ልትሞችብኝ ነው?»

«ያምጡት።»

ተቀብላ ጭኗ ላይ አኖረችው። ለሃያ ዓመት በመስታወት ብቻ ያየችውን ካፖርት። ከባድ ነው። አንገትጌው ላይ አፍንጫዋን አስጠጋች፤ አቧራ፣ ዝናብ፣ የሰው አንገት፣ ሌላም የሚያውቁት ግን እዚያ የማይጠብቁት ነገር። ኪሱ ውስጥ እጇን ስትከት ጣቷ ስስ ስስ ነገር ውስጥ ሰመጠ። አውጥታ አየችው። የኦቾሎኒ ልጣጭ ነው። ኪሱ አፍ እስከ አፉ የኦቾሎኒ ልጣጭ ነው። ከሥሩ አንዲት ሲጋራ ወጣች፤ ወረቀቷ ቢጫ ሆኗል፣ ቂጧ ተነክሶ ተነክሶ ተጠፍጥፏል፣ ጫፏ ግን እሳት አልነካውም።

ሰውነቷ ዋሽቷት አያውቅም። በየትኛውም ሐኪም ፊት፣ ማንም ሳያምናት፣ አንዴም አልዋሻትም። ይህ ካፖርት ጭስ ካየ ብዙ ጊዜው ነው።

ዕቃ ቤቱ በር ላይ ባለኪዮስኩ ቆሞ ነበር፤ ፌርማታው አጠገብ ያለውን ኪዮስክ የያዘው፣ ለሹፌሩ ሲጋራ ሲሸጥ የኖረው። ከሐፍረቱ የተነሣ ከቀብሩ ጀምሮ አጠገቧ ቀርቦ አያውቅም። አሁን ኮፍያውን አውልቆ በዝናቡ ውስጥ መጣና ከደረጃው በታች ቆመ።

«እህቴ፣ ከዚህ አልጠጋም፤ ሱቄ ይሸታል» አለ። «አትንገር ተብዬ ነበር። አሁን ላልናገር ለማን ብዬ?»

«ተናገር።»

«ካምናው ክረምት ወዲህ ከኔ ሲጋራ አልገዛም። ኦቾሎኒ ነው የሚገዛው። ኪሱን ሙሉ። ይኼን ከምትበላ ማጨሱ ይሻላል ብዬ ስቄበታለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና። ያቺን አንዷን ሲጋራ ጣቱ እንዳይከፋው ነው የሚይዛት።»

«ለምን አልነገረኝም?»

ባለኪዮስኩ ኮፍያውን አዟዟረ። «ተውኩ የሚለው ቃል ከኔ አፍ ሲወጣ ይበላሻል አለኝ። ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ ልተው፣ ዓመቱ ሲሞላ ምንም ሳልናገር መስኮቱን እከፍተዋለሁ፣ ያኔ ራሷ ታውቀዋለች፣ አፍንጫዋን ነው የማምነው አለኝ። አንድ ወር አልቀረውም ነበር። እስከዚያስ ውጭ ምን ያስቀምጥሃል፣ ግባ እንጂ ብዬው ነበር። ቤት ከገባሁማ ስለ ጣሪያው ነው የምታወራኝ አለኝ።»

ከዕቃ ቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ዝም አለ። ፀጉር ሠሪዋም ሳቀች። ከዚያ ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረና ሰው ሁሉ እያያት፣ ያለ ማስክ፣ አፏን ከፍታ አለቀሰች። እትዬ ፈዘው ቆመው አዩዋት።

«ጭስ አልነበረም» አለች፣ ትንፋሿን ስታገኝ። «እትዬ፣ ጭስ አልነበረም እኮ። እኔ ማስክ ስፈልግ… በሩ ላይ ቆሜ ማስክ ስፈልግ ነው የሞተው። ዝም ብዬ ብወጣ ኖሮ እደርስ ነበር።»

ይኸው ተናገረችው። እትዬ ሲፈልጉት የከረሙት ቃል ነበር፤ አሁን ሲሰጣቸው ግን አልፈለጉትም። አጠገቧ ቁጭ አሉ። ቀሚሱን መጎተት ረሱ።

«ሐኪሙ ምን አለ? አብረን አልሰማንም?» አሉ። «መብራት እንደማጥፋት ነው፣ አጠገቡ ሆናችሁ ብትይዙትም አትደርሱም አላለም?»

«ብሏል።»

«እንግዲያው በቃ።» አፍንጫቸውን ጠረጉ። «እኔም ዘበኛ ምናምን ብዬ… አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ። ለካ ራሱ ነው ወዶ የተቀመጠው። ሞኝ ወንድሜ። በልጅነቱም እንዲሁ ነበር፤ ለሰው ደስ የሚል ነገር ካገኘ ደብቆት ደብቆት ራሱ ይረሳዋል።»

«ይኼን አልረሳውም» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«አልረሳውም» አሉ እትዬ። ካፖርቱን አንድ ጊዜ በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ከዚያ ጭኗ ላይ ገፋ አደረጉላት። «ይኼ ያንቺ ነው። እኔ ሸሚዝ ይበቃኛል።»

*

ዝናቡ ሲያባራ ለቀስተኞቹ አንድ በአንድ ተሰናብተው ሄዱ። ጉምሩክ ወንበሮቹን ለመደርደር ቀረች። እትዬ ወጥ ቤት ገብተው ስኒ ያጥባሉ፤ መብራቱን አብርተውታል።

ፀጉር ሠሪዋ ካፖርቱን ይዛ ከበረንዳው ወረደችና ቤቱን ዞረች። አሮጌው ወንበር ረጥቧል። መብራቱ በርቶ ከዚህ በኩል ሆና መስኮቱን አይታው አታውቅም። በርጩማዋ በመስታወቱ ውስጥ ይታያል፣ ከላዩ አምፖሉ፣ ከጎኑ የሚያፈሰው ጣሪያ ያቆሸሸው ግድግዳ። እሱ በየምሽቱ የሚያየው ይህንን ነው። ከወንበሩ ሥር የኦቾሎኒ ልጣጭ ጭቃው ላይ ተጣብቋል፤ ዓመቱን ሙሉ ወፎች ያመጡት እየመሰላት በመጥረጊያ ስትጠርገው ኖራለች።

በቀሚሷ ጫፍ ወንበሩን ጠረገች። መጀመሪያ ግራውን፣ ቀጥሎ ቀኙን። ካፖርቱን በቀኝ በኩል አስቀመጠችው፣ አንገትጌውን አቀናችለት። አገጯ ሥር የቀረውን ማስክ አወለቀችና ከልጣጩ ጋር ኪሱ ውስጥ ከተተችው። ካፖርቱ ወፍራም ስለነበረ ወደ ግራው በኩል ተስፋፍቶባታል።

«ጠጋ በል» አለችው፤ በክርኗ ገፋ አድርጋው ተቀመጠች።